«እግዚአብሔር ከተናገረ እኔ ምን ሒሳብ እይዛለሁ?»

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው። ደብረ ማርቆስ የምኖር የሒሳብ መምህር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ሆነን የአብነት ተማሪዎችን የሚረዳ ማኅበር አቋቋምን። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ዛሬ 70 አባላት አሉን፤ እያንዳንዳችን በወር 150 ብር እናዋጣለን። በዚህ ገንዘብ ወደ 40 የሚጠጉ ተማሪዎች ላሉበት አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት እህል እንገዛለን። በተለይ በክረምት፣ የገበሬው ጎተራ ጎድሎ ልጆቹ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ባዶ አኩፋዳ ይዘው ሲመለሱ፣ የሚያከርማቸው የእኛ በቆሎ ነው።

በነሐሴ አንድ የአካባቢው ተወላጅ 400,000 ብር ሊሰጠን ቃል ገባ። ገንዘቡ የቆርቆሮ ክዳን ላለው ማደሪያ ቤት ብቻ የሚውል ነው፤ እኛም 200,000 ብር መጨመር አለብን። በሩ ላይ የእርሱና የማኅበሩ ስም ይጻፋል። መልሱን እስከ ጥምቀት ይፈልገዋል። ባንክ ያለን 230,000 ብር ነው። ገንዘብ ያዣችን በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ኑሯቸውን በእህል ንግድ የመሩ ሴት ናቸው። «ጣሪያ ይበላል ወይ? ሐምሌ ላይ ምን ልንሰጣቸው ነው?» አሉ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ።

የጳጉሜን ቀናት አንድ ገዳም ገብቼ ሱባኤ ያዝኩ። በሦስተኛው ሌሊት በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያበራ፣ ከሥሩም ልጆች ተቀምጠው አየሁ። እያለቀስኩ ነቃሁ። ተመልሼ በስብሰባው ላይ «ጸልየንበታል፤ እግዚአብሔርም አሳይቶናል» አልኩ። «አሳይቶኛል» እንኳን አላልኩም። ማንም አልተቃወመም። እጅ ሲወጣ ግን ገንዘብ ያዣችን ደብተሩንና የባንኩን ወረቀት ከዘንቢላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እግዚአብሔር ከተናገረ እኔ ምን ሒሳብ እይዛለሁ?» ብለው ወጡ። ደብተሩ እስከ ዛሬ እኔ ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምርና «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ያየሁት ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከራሴ? አንዱ አባል «ዕጣ እናውጣ» ይላል፤ ሌላው «ጠብ ከገባበት እግዚአብሔር የለበትም ማለት ነው» ይላል። የንስሐ አባቴን ገና አላማከርኩም። የገጠር ቄስ ናቸው፤ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ኃላፊነቱን ልልቀቅ?

ግራ የገባው፣ ከደብረ ማርቆስ

*

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ራእዩ ላይ ቆምኩ። በሁለተኛው ግን ልቤን የያዘው ጠረጴዛው ላይ የቀረው ደብተር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን 150 ብር የጻፉበትን ደብተር ከዘንቢላቸው ሲያወጡ እጃቸው ምን ይመስል ነበር? አንተ አይተኸዋል፤ እኔ አላየሁትም። ግን በንዴት ብቻ የወጡ አይመስለኝም። አንድ ሰው «እንወያይ» ብሎ በመጣበት ቤት «ውይይቱ በሰማይ አልቋል» ሲባል የሚሰማው ነገር አለ። ተቃውሞ ቢያሰማ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላ ይባላል፤ ዝም ቢል ደግሞ ያልገባውን ነገር መፈረሙ ነው። ሴትዮዋ ሁለቱንም አልፈለጉም፤ ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ።

ስለ ጸሎትህ መታሰር አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልህና ልለፈው። ምላስህ የታሰረው «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ወይም «ከክፉ ሁሉ አድነን» ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ግራ ይገባኝ ነበር። የታሰረው ግን «ፈቃድህ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ ጸሎት የጠፋበት ሰው ምልክት አይመስለኝም። ምናልባት ከነሐሴ ወዲህ በእውነት የጸለይከው ጸሎት ይኸው የማትጨርሰው ነው። አትደንግጥ፤ እዚያው ቃል ላይ ጥቂት ቁም።

አሁን ወደ ራእዩ። ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከራስህ? እኔ ልነግርህ አልችልም፤ እነግርሃለሁ የሚልህም ሰው ቢመጣ ብትጠነቀቀው ደስ ይለኛል። የማውቀው ይህን ነው፦ ነሐሴን ሙሉ ስለ ቆርቆሮ ስታስብ ከርመሃል። በጾም ደክመህ፣ በሌሊት፣ ባዶ ሆድህን ቆርቆሮ አየህ። የዶሮ ሕልሟ ጥሬ ነው ይላል የአገራችን ሰው። በሌላ በኩል ደግሞ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ የወረደው በሕልም ተነግሮት ነው፤ ስለዚህ ሕልም ሁሉ ከሆድ ነው ብዬ አልዘባበትብህም። ልቅሶህንም አልጠራጠረውም። ልጆቹን ስለምትወድ ነው ያለቀስከው፤ ይህ ፍቅር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሱባኤ መግባት አያስፈልግም።

እኔን ያሳሰበኝ ከራእዩ በኋላ የሆነው ነው። እዚህ ላይ አገርህ ጎጃም ከእኔ የተሻለ ይመክርሃል።

ያደግሁት ከአንድ ቅኔ ቤት ብዙም ሳልርቅ ነው። እናቴ እሑድ እሑድ የተረፈ እንጀራ ስታስልከኝ፣ ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ ዋንዛ ሥር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ ተማሪ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ዓይኑ እያየኝ አያየኝም። ቅኔ እየቆጠረ፣ ማለትም በልቡ እየደረሰ ነው። «እንዳታናግረው» ይሉኝ ነበር፤ «ይሰበርበታል»። መሸት ሲል ጋቢውን አራግፎ ይነሣል። ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? በቀጥታ ወደ የኔታ ነው። የኔታ አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ይሰማሉ። ተማሪው የቆጠረውን ይነግራል። አንዳንዴ «ይበል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የኔታ ጭንቅላታቸውን ቀና ሳያደርጉ «ቤት አልመታም» ወይም «ምሥጢሩ ይጎድለዋል» ይላሉ። ልጁም ቀኑን ሙሉ የደከመበትን ይዞ ይመለሳል። አንድም ቀን ሲቆጣ አላየሁትም። ቆጠራውን ብቻውን እንደሚያደርገው፣ ነገራው ግን በሰው ፊት መሆኑን ያውቃል። እርማት ሳይቀበል ዋንዛው ሥር የመጣለትን ይዞ ቅዱስ ሥላሴ ፊት ቅኔ ለመዝረፍ የሚቸኩል ተማሪ በስመ ጥሮቹ የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም በጎንጅም አይመሰገንም።

አንተ ገዳም ገብተህ ቆጠርክ። ጥሩ አደረግህ። ከገዳሙ ወጥተህ ግን በቀጥታ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆምክ። ነገራው ተዘለለ። የንስሐ አባት ያለህ ለዚህ ነበር።

«ምን አስቸኮለህ?» እንደሚሉህ አውቀህ ነው ያልሄድከው። እስቲ በእርጋታ ልጠይቅህ፦ ይህን ጥያቄ የፈራኸው መልስ ስለሌለህ ነው ወይስ መልሱ «ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ» ብቻ ሆኖብህ ነው? የቀን ገደቡን ያስቀመጠው ሰጪው ነው፤ እግዚአብሔር ጥር 11 ብሎ አልወሰነልህም። ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነበር። ንጉሡ ፊት አፉን የከፈተው በኒሳን ነው። በመካከሉ አራት ወር ያህል አለ፤ ጾምና ጸሎት ብቻ። ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥቶ ፍርስራሹን ዞሮ አየ። አምላኩ በልቡ ያኖረውንም ለማንም አልተናገረም ነበር። ይህን ስፍራ ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በልቡ ያለው ከእግዚአብሔር እንደሆነ እርግጠኛ ነው፤ ቢሆንም አስቀድሞ ድንጋዩን ያያል። ከንጉሡ ዘንድ ሲነሣም ለእንጨቱ ደብዳቤ አጽፏል። መጸለዩ እንጨት ከመቁጠር አላዳነውም።

ስለዚህ ድንጋዩን እንይ። በደብዳቤህ ውስጥ የፈለግሁትና ያጣሁት የየኔታን ድምፅ ነው። ማደሪያው እንዲሠራ የሚፈልጉ ይመስልሃል? ጠይቀሃቸዋል? አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ፤ ጉባኤ ቤት ማለት መምህሩ ነው። የኔታ ቢያርፉ ወይም ወደ ሌላ ደብር ቢጠሩ፣ ተማሪው አኩፋዳውንና ደበሎውን ይዞ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። የሣር ጎጆ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ በሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ሲፈርስም አያስለቅስም። 600,000 ብር የወጣበት ቆርቆሮ ግን ከየኔታ ጋር አይሄድም። ቦታው የማን ነው? በደብሩ ይዞታ ላይ ከሆነ ሰበካ ጉባኤው ያላወቀው ግንባታ ነገ ሌላ ጠብ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት እየተከፈተ ሌላ ሳምንት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንዴት ይደርሳል? ግንባታው ቢጓተት ዋጋው ምን ይሆናል? ከዚያም የገንዘብ ያዣችሁ የእትዬ ጥያቄ አለ። 230,000 ላይ 200,000 ሲቀነስ 30,000 ይቀራል። አንተ የሒሳብ መምህር ነህ። 30,000 ብር 40 ልጆችን ከሰኔ እስከ መስከረም ስንት ቀን ያበላል? ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎችህ ብትሰጣቸው ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል?

ይህን ስል ማደሪያው አይሠራ ማለቴ አይደለም። በሣር ጎጆ ውስጥ ዝናብ ሲገባ፣ አንዱ እከክ ሲይዘው ሁሉም ሲይዛቸው አይቻለሁ። የደረቀ ቦታ የሚተኛ ልጅ ያነሰ ይታመማል። ምናልባት ሰጪው ለጥቂት ወራት ቢጠብቅ፣ ወይም ገንዘቡ ለሁለት ትናንሽ ክፍሎች ቢበቃና የእናንተ ድርሻ ቢቀንስ፣ ወይም የክረምቱ እህል አስቀድሞ ተገዝቶ ጎተራ ቢገባ፣ ሁለቱም ወገን የሚስማማበት መንገድ ይገኝ ይሆናል። እነዚህን ጠይቀህ ታውቃለህ? የሚገርመኝ ነገር፣ «እግዚአብሔር አሳይቶናል» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ እንዲህ ያሉ መካከለኛ ሐሳቦች ሁሉ እንደ ክህደት መታየታቸው ነው።

ናታን ነቢዩን አስታውሰው። ዳዊት «እኔ በዝግባ ቤት ተቀምጬ ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ ነው» ብሎ ቤት ሊሠራ ሲያስብ፣ ናታን «በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ» ብሎት ነበር። ነቢይ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው፤ ሕንፃም ነው፣ እንደ አንተው። በዚያው ሌሊት ግን ሌላ ቃል መጣ፤ ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ልጁ እንደሚሆን። ናታን በማግስቱ ወደ ንጉሡ ተመልሶ ሄዶ ትናንት ያለውን አነሣ። ይህች መንገድ፣ ከቤቱ እስከ ንጉሡ ደጅ ያለችው፣ በመጽሐፉ በአጭሩ ታልፋለች። ለናታን ግን ረጅም የነበረች ይመስለኛል። አንተም ይህችን መንገድ መሄድ ይኖርብሃል፤ ሕንፃው ቢሠራም ባይሠራም።

ለምን ትለኝ ይሆናል፤ ሐሳቡ ልክ ሊሆን ይችላልና። «አሳይቶናል» ውስጥ ላለችው ለ«ና» ስትል ነው። ራስህ ጽፈኸዋል፦ «አሳይቶኛል እንኳን አላልኩም»። ጳውሎስ የመቄዶንያውን ሰው በሌሊት ሲያይ ያየው ብቻውን ነበር። ታሪኩን የሚተርከው ሉቃስ ግን እግዚአብሔር ወደዚያ እንደ ጠራቸው የተረዱትን በ«እኛ» ይጽፋቸዋል። አንዱ አየ፤ ነገረ፤ አብረው መዘኑት፤ «እኛ» የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ «እኛ»ን አስቀድመህ ወሰድካት። ሰባው ሰው ገና ያልሰጠህን ነገር ነው የወሰድከው፤ ስለዚህ ለሰባው መመለስ አለበት። ቃሉ ረጅም አይሁን። «ያየሁትን ነግሬአችኋለሁ፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደ ተቆረጠ ነገር አድርጌ ማቅረቤ ጥፋቴ ነው፤ ድምፁ እንደገና ይሰጥ» ብትል ይበቃል። ከዚህ በላይ ከተናገርክ ራስህን ማስለቀስ ትጀምርና ስብሰባው አንተን ማጽናኛ ይሆናል።

ዕጣ ስለሚለው አባል፦ ሐሳቡ ቅን ነው፣ ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል። ነገር ግን ማትያስ በይሁዳ ምትክ ሲመረጥ ዕጣው የመጨረሻው ነገር ነበር። አስቀድመው ሰውየው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ወሰኑ፣ ሁለት ሰዎች አቆሙ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ በኋላ ጣሉ። የኔታን ሳይጠይቁ፣ 30,000 ብሩን ሳያሰሉ ዕጣ ማውጣት የቤት ሥራን ለመንፈስ ቅዱስ መስጠት ይመስለኛል። «ጠብ ካለ እግዚአብሔር የለበትም» ለሚለው ደግሞ ጌታ ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት አድሮ ከመረጣቸው ዐሥራ ሁለት አንዱ ይሁዳ እንደነበር ቀስ ብለህ ንገረው። ጠቡ የመጣው ስለጸለይክ አይደለም፤ ጸሎትህን ማኅተም አድርገህ ስለመታህበት ነው።

አንድ የማይመች ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብህም። በሩ ላይ የሚጻፈው ስም። ደብዳቤህ ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አልፈኸዋል፤ ግን አስገብተኸዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ በቆሎ ስታድል ማንም ስምህን ጽፎ አያውቅም፤ በቆሎ ተበልቶ ያልቃል። የሚታይ ነገር መመኘት የሰው ነው፤ አልወቅስህም። ብቻ በእነዚህ የነቢያት ጾም ሳምንታት፣ ጠዋት ልጆችህ ሳይነሡ፣ ማኅበሩ እህሉን መርጦ ሕንፃው ሲቀር በዓይነ ሕሊናህ እየው። የሚያምህ ቦታ የት ነው? ለልጆቹ ነው? ለሰጪው ያፈርከው ነው? እትዬ «አላልኳችሁም?» ሲሉ ነው? የሚያምህን ቦታ ካገኘህ በኋላ ስለ ሕንፃው ሳትጠይቅ ስለዚያ ቦታ ጸልይ። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው ሕንፃው ተሠርቶ አስበውና የሚያስፈራህ የት እንደሆነ እየው። «አባታችን ሆይ»ን ከዚያ ጀምር፤ ምላስህ የት እንደሚፈታ ታየዋለህ።

ኃላፊነቱን ስለመልቀቅ፦ አሁን አይመስለኝም። መልቀቅ አንዳንዴ ትሕትናን የለበሰ ኩርፊያ ነው። ያበላሸኸውን አስተካክለህ፣ ሁለተኛው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ ማኅበሩ ከፈለገ ሌላ ሰው ይምረጥ። ሰባት ዓመት አንድ ሰው ለመምራት ረጅም ጊዜ እንደሆነ ግን ልሸሽግህ አልፈልግም፤ ለብቻ የሚሸከም ሰው ድምፅ ሁሉ የራሱ መስሎ ይሰማዋል።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅኸኝ፣ የንስሐ አባትህ ይቅደሙ። ገጠር ቢሆኑም ሂድ፤ መንገዱ ካልተመቸ በስልክ ተናገራቸው። «ምን አስቸኮለህ?» ሲሉህ አትከራከር፤ ጥያቄውን ይዘህ እደርበት። ቀጥሎ የኔታ። ከእርሳቸው ጋር የምትነጋገረው አንተ ብቻ አትሁን፤ ሕንፃውን የማይፈልግ አንድ አባል ይዘህ ሂድ። ልጆቹንም፣ በተለይ ታላላቆቹን፣ ክረምቱን እንዴት እንደሚያሳልፉት ጠይቃቸው። ሰጪውን ደግሞ እስከ ፋሲካ ጊዜ እንዲሰጣችሁ በአክብሮት ለምነው። የተወለደበትን አገር የሚወድ ሰው ምክንያቱን ከነገርከው የሚገባው ይመስለኛል፤ «ጥምቀት ካለፈ አንድ ብር አልሰጥም» ካለ ግን የገንዘቡን ጠባይ ከወዲሁ አይተሃል ማለት ነው።

ከስብሰባው በፊት እትዬ ቤት ሂድ። ሽማግሌ አትላክ፣ ባለቤትህንም ይዘህ አትሂድ። ቡና ያፈሉልህ ይሆናል፤ ቆሎውን ብላ፣ ሦስተኛውን ስኒ ሳትጠጣ አትነሣ። ሕንፃውን አታንሣባቸው። «አፍዎን ዘጋሁብዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» በላቸውና ዝም በል። ምናልባት ይቆጡህ ይሆናል፤ ተቀበላቸው። ምናልባት ስለ በቆሎ ዋጋ ማውራት ይጀምሩ ይሆናል፤ አንዳንድ ሰው ይቅርታውን የሚሰጠው እንዲህ ነው። ደብተሩን ግን በብብትህ ሸጉጠህ እንዳትሄድ፤ ሥራ ልታስረክባቸው የመጣህ ይመስላል። ቤትህ ይቆይ። እርሳቸው ራሳቸው «ያን ደብተር የት ጣልከው?» ካሉህ በማግስቱ ውሰድላቸው።